የቆየች ስፓይደር ዝገት፦ ላሜራ ከመቁረጥህ በፊት የውሃውን መንገድ ፈልግ

ወንድሜ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ አሳድጌ አየኋቸው። ሌላው አንባቢም እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። ከአጎትህ የወረስካት ባለ ሸራ ጣራ መኪና፣ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር፣ ጎንደር አዘዞ ግቢ ውስጥ በፕላስቲክ ሸራ ተሸፍና ብዙ ክረምት አሳልፋለች፣ በሹፌሩ እግር በኩል ወለሉ ተበስቷል፣ ከበሮቹ ሥር ያለው ደፍ ቀለሙ አባብጧል፣ ከፊት ሾክ በሚታሰርበት ቤት ላይ ደግሞ ቡናማ ውሃ ወርዶ የደረቀ መስመር ይታያል። ያሳየኸው ባትላሜራ "ላሜራ ደርበን በይደን በስቱኮ እንዘጋዋለን፣ በሳምንት ትወስዳታለህ" ብሎሃል። አንተ ግን ቤት ውስጥ ራስህ ልትሠራት ፈልገሃል፣ ያለህ ተራ የኤሌክትሮድ መበየጃና አንድ ግራይንደር ነው። ጥያቄህም ደርቤ ልበይድ ወይስ ቆርጬ ልቀይር፣ ዝገት መቀየሪያ የሚሉት ኬሚካልስ ብቻውን አይበቃም ወይ ነው።

መልሱ ቁረጠው ነው፣ ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ብትቆርጠው ሁለት ነገር ይደርስብሃል፤ አንደኛ መኪናዋ ትጣመማለች፣ ሁለተኛ አዲሱ ላሜራህ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይበላል። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳህ ምክንያቱም እንደዚች አይነት መኪና ጎንደር ውስጥ በየቀኑ አይገኝም፣ አበላሽተው ከጣሏት ደግሞ የምትተካ አይደለችም።

መጀመሪያ የያዝከው ምን እንደሆነ እወቅ። ይቺ መኪና በ1966 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ቶሪኖ ላይ ለሕዝብ የታየች፣ አካሏን ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን የመኪና አካል ሠሪ የሠራው፣ ሞተሩ ላይ መሐንዲሱ ላምፕሬዲ የተጠበበባት ናት። ያኔ ላሜራው ዚንክ የተነከረ አልነበረም፣ ባዶ ብረት ላይ ቀለም ነው፣ ድርብ በሆነው ቦታ ውስጥ ደግሞ ቀለሙም በደንብ አልደረሰም። ዋናው ነገር ግን ሻንሲ የላትም። ፒክአፕ ብትሆን ከሥር ወፍራም ሻንሲ አለ፣ ደፉ ቢበላ መልኳ ነው የሚበላሸው እንጂ መሄዷን ትሄዳለች። ስፓይደር ግን አካሏ ራሱ ነው ሻንሲዋ፣ ጣራም የላትም ሸራ ነው፣ ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን ጎማ አያይዞ የያዘው ወለሉና እነዚያ ሁለት ደፎች ናቸው። ደፉ ደግሞ አንድ ላሜራ እንዳይመስልህ፣ ከውጭ የምታየው አንዱ ነው፣ መሐል ላይ ሌላ ማጠናከሪያ ቆሟል፣ ከውስጥ በወንበሩ በኩል ሦስተኛው አለ። ቀለሙ ሲያባብጥ አንተ የምታየው የውጨኛውን ነው። ውሃው ግን ሥራውን የጀመረው ከመሐል ነውና ውጨኛው እስኪያባብጥ መሐለኛው ብዙ ጊዜ አልቋል።

አሁን ወደ ውሃው። ሰው ሁሉ "ጎንደር ባሕር የለ፣ መንገድ ላይ ጨው አይበተን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ደጋ ነው፣ ዝገት ከየት መጣ" ይለኛል። እውነት ነው ከወደብ ከተማ ጋር አይወዳደርም፣ መስክ ላይ የቆመች መኪና በበጋው ደርቃ ነው የምትከርመው። ችግሩ የተዘጋው ቦታ ነው። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፣ ብዙ ውሃም አይፈልግም፣ እርጥብ አቧራ ይበቃዋል። የመንገዳችን አቧራ ደቃቅ ነው፣ በየቀዳዳው ገብቶ ደፉ ውስጥ ይተኛል፣ ሰኔ ሲገባ ያንን አቧራ ውሃ ያገኘዋል፣ ጭቃ ይሆናል፣ እስከ ጥቅምት ጭቃ ሆኖ ይቆያል፣ ከውጭ መኪናዋ ደርቃ ታያለህ ውስጧ ግን ገና ክረምት ነው። በዚያ ላይ የፕላስቲኩ ሸራ። ሸራው ዝናቡን ከለከለ፣ እሺ፣ ግን ከመሬቱ የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ያዘው፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሸራው ሥር ጤዛ ሆኖ መኪናዋ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ያላበዋል፣ ማታ መልሶ ይንጠባጠባል። በክረምት ሳር ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ከምትቆም ይልቅ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ገላዋን ነፋስ እየነካት ብትቆም በጣም ይሻላታል። ፎቶህ ላይ ከወንበሩ ሥር የዶሮ ኩስ አየሁ መሰለኝ፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም፣ ጨውና አሞኒያ አለው እርጥበትም ይስባል፣ ዛሬውኑ ጠርገህ በብዙ ውሃ አጥበህ አድርቀው።

ስለዚህ ከምንም በፊት ይህንን አድርግ። ወንበሩንና ምንጣፉን በሙሉ አውጣ፣ ከወለሉ ላይ የተለጠፈውን ሬንጅ መሳይ ነገር ሁሉ በስፓቱላ ፍቀህ አንሳ፣ ከዚያ አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በጆግ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ አንተ ውስጥ ሆነህ በባትሪ መብራት እይ። በላስቲክ ቱቦ በኃይል አይደለም፣ በኃይል ከረጨህ ውሃው ሁሉም ቦታ ይገባል ምንም አትለይም። መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ላይ አፍስስ፣ እዚያ ቅጠል ታፍኖ ከሆነ ውሃው መውረጃውን ያጣና ወደ እግርህ ይመጣል፣ የተበሳው ቦታ በሹፌሩ እግር በኩል መሆኑ እኔን መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ እሱ ነው። ቀጥለህ የመስታወቱ ጎማ ዙሪያ። ከዚያ የሸራው ጣራ ታጥፎ የሚገባበት ከወንበር ጀርባ ያለው ቦታ፣ የውሃ መውረጃዎቹ በአፈር ተዘግተው ከሆነ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ወደ ደፉ የኋላ ጫፍ ይሄዳል። የበሮቹ የታች ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈት፣ ቀለም ቀቢ ስቱኮ ሞልቷቸው ብዙ አይቻለሁ። የኋላ ኮፈኑን አትርሳ፣ የኮፈኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወለሉ ጥግ ጥጉ ላይ ይበላል፣ ባትሪው እዚያ ተቀምጦ ከነበረ ደግሞ የፈሰሰው አሲድ የጨረሰው ቦታ ይኖራል። የገባበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ይህ ሳይስተካከል የምትበይደው ላሜራ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው፣ እኔ ለደንበኛ ሥራ ስቀበልም ከዚህ ነው የምጀምረው።

ቀጥሎ የበላው የት ድረስ እንደሆነ መለየት ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልልና በደፉ ላይ ቀስ አድርገህ ጎትተው፣ ብረት ባለበት ይይዛል፣ ስቱኮ ባለበት ይንሸራተታል፣ ልዩነቱን በጣትህ ነው የምታውቀው። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ይዘህ ከፊት ወደ ኋላ በየሦስት ጣቱ ኳ ኳ እያደረግህ ሂድ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ዝገት የጠገበው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ከውስጥ የተላጠ ዝገት ካለ ደግሞ እንደ ደረቅ አሸዋ ሲንሸራተት ትሰማለህ። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ላይ ካቻቢቴ አምጣና ጫፉን ገፋ አድርግ። አትራራለት፣ ካቻቢቴ በእጅ ግፊት የበሳው ላሜራ መኪናዋን ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም። ያየኸው ቀዳዳ የአንድ ሳንቲም ያህል ቢሆን የምትቆርጠው የመዳፍ ያህል እንደሚሆን ከወዲሁ ተዘጋጅ፣ መቁረጫ መስመርህ መውደቅ ያለበት ሁለቱም ገጹ በተፈተገ፣ ብልጭ ያለ፣ ሙሉ ውፍረቱ ባለ ብረት ላይ ነውና።

ስለ ባትላሜራው ምክር። ሰውየው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ አብዛኛው ደንበኛ ነገ ሥራ የሚወጣ ታክሲ ወይም ፒክአፕ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለሱ መደረብ ይበቃዋል። ላንተ ግን አይሆንም። ላሜራ በዝገት ላይ ስትደርብ በሁለቱ መሐል ውሃ የሚገባበት ነፋስ የማያደርቀው ጠባብ ክፍተት ሠራህ ማለት ነው፣ ከብየዳው ሙቀት የተነሳ ከጀርባ የነበረው ቀለምም ተቃጥሏል፣ ስለዚህ ዝገቱ ከበፊቱ በፈጠነ ይሄዳል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፣ ድርቡን ከውስጥ ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚሸከመው መሐለኛው ላሜራ እንደበሰበሰ መቅረቱ ነው። መኪናዋ ቆንጆ ሆና ትወጣለች፣ መንገድ ላይ ጉድጓድ ስትገባ ግን በሩ አልዘጋ ይላል።

ለመቁረጥ ስትዘጋጅ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብባት። ጣራ የሌላት መኪና ደፏ ከተቆረጠ ከመሐል ትሰምጣለች። በዓይን የማይታይ ስምጠት ነው፣ አዲሱን ደፍ ከበየድክ በኋላ ግን በሩ አይገጥምም፣ ያኔ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ካቫሌቶውን (መኪናዋን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን የብረት ማቆሚያ) ከደፉ መሐል ሳይሆን ጎማዎቹ የሚሸከሙበት ቦታ አካባቢ፣ ከፊትና ከኋላ ጤነኛ የሆነው ብረት ላይ አቁም፣ ክብደቷ ጎማ ላይ እንደቆመች ዓይነት ይሁን። መሬቱ ሲሚንቶ ካልሆነ ከካቫሌቶው ሥር ወፍራም ጣውላ አድርግ፣ አፈር ላይ ቀስ እያለ ይሰምጣል። የበሩ ማጠፊያ ካለበት ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ድረስ ቱቦላሬ ከላይም ከታችም ወጥረህ በይድ ወይ በቡሎን እሰር፣ ተነቃይ ብታደርገው ይሻላል በሩን እየገጠምክ መሞከር ስላለብህ። ሳትቆርጥ በፊት በሩን ዘግተህ ክፍተቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለካ፣ ጻፈው። በሩ የሚገባበትን ሳጥን ደግሞ በሜትር ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለካ። ከዚያ አንዱን ወገን ብቻ ቁረጥ፣ ጨርስ፣ በሩን ግጠም፣ ልኩን አመሳክር፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የምትዞረው። ሁለቱን ወገን ባንዴ የከፈተ ሰው መኪናዋን አጥቷታል።

የፊት ሾክ ቤቱ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ። በነዚህ ፊያቶች የታወቀ ድክመት ነው፣ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በድርቡ ላሜራ መሐል ይገባና እዚያ ይቀራል፣ ከሞተሩ በኩል የምታየው ቡናማ መስመር ከዚያ የሚወጣ ነው። ጎማውን አውልቅ፣ ጭቃውን ሁሉ እጠብ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍተግ፣ በካቻቢቴ ሞክር። ገጹ ላይ ብቻ ከሆነ ራስህ ታክመዋለህ። ካቻቢቴው ከገባ ግን አንተ አትንካው፣ የጎማው ክብደት የሚያርፍበት ነው፣ የመሪው ልክም ከሱ ጋር የተያያዘ ነው፣ በሲኦቱ (በጋዝና በሽቦ በሚሠራው መበየጃ) የሚበይድ ልምድ ያለው ሰው ፈልገህ አጠገቡ ቆመህ አሠራው። ይህ ቤት ካልዳነ ደፍና ወለል ላይ የምታወጣው ድካም ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ ከውሃው ሙከራ ቀጥሎ የዝገት ምርመራህን ከዚህ ጀምር።

ላሜራ ስትገዛ የጣራ ቆርቆሮ እንዳትገዛ፣ ሰው ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛው ባለ 28 ወይም ባለ 32 ጌጅ በጣም ስስ ነው ለመኪና አካል አይሆንም። በርና መስኮት የሚሠሩ ብረታ ብረት ቤቶች የሚሸጡትን ጥቁር ላሜራ ፈልግ፣ ለወለሉ 1 ሚሊ፣ ለደፉና ለማጠናከሪያው ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ፣ ለውጭ አካል ለፓራፋንጎና ለበር 0.8 ሚሊ። የተጻፈውን አትመን፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘህ ሂድ። እነዚያው ቤቶች ማጠፊያ ማሽን አላቸው፣ የደፉ ቅርፅ አብዛኛው ቀጥ ያለ መታጠፊያ ስለሆነ በካርቶን ቅርፁን አውጥተህ ብትወስድላቸው ያጥፉልሃል። የተዘጋጀ የደፍ ላሜራ ውጭ አገር ይሠራል፣ ማምጣት ከቻልክ ጥሩ፣ ካልቻልክም በዚህ ምክንያት ሥራው አይቆምም።

መበየጃህ ላይ እውነቱን ልንገርህ። ያለህ የኤሌክትሮድ መበየጃ ለግቢ በር ጥሩ ነው፣ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ግን 0.8 ላሜራን እየበሳ ነው የሚሄደው፣ አንተ አንዷን ቀዳዳ ስትዘጋ ሁለት ትከፍታለህ። ባለ ሲኦቱ መበየጃ በቀን ሂሳብ ተከራይ ወይም ባለሙያውን ከነማሽኑ ጥራው፣ ሽቦው 0.6 ቢገኝ እሰየው፣ 0.8ም ይሠራል። አንተ መቁረጡን፣ መፈተጉን፣ ላሜራውን መግጠሙን ጨርሰህ ጠብቀው፣ ከሥራው ሰዓት ብዙውን የሚበላው እሱ ነው። የኦክስጅን ብየዳ የሚችሉ የድሮ ሰዎች አሉ፣ ሙያቸው ትልቅ ነው፣ ወለሉ ላይ ችግር የለውም፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ግን ሙቀቱ ላሜራውን ያውለበልበዋልና በር ላይ አላስነካቸውም።

አበያየዱ እንዲህ ነው። አዲሱን ላሜራ ቀዳዳው ላይ አጋጥመህ እንጂ ደርበህ አይደለም የምትበይደው፣ ዙሪያውን የ1 ሚሊ ክፍተት ይኑረው። አንድ ነጥብ መታ አድርግና ተወው። ተቃራኒው ጠርዝ ላይ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ የሌሎቹ ሁለት ጎኖች መሐል። በየነጥቡ መሐል ላሜራውን በመዶሻ እያስተካከልክ እኩል መሆኑን በጣትህ ዳብስ፣ አንዱ ጠርዝ ከፍ ካለ አሁኑኑ ነው የሚስተካከለው። ነጥቦቹ በሁለት ጣት ርቀት ዙሪያውን ከሞሉ በኋላ በመሐላቸው ሌላ ነጥብ፣ እንደገና በመሐላቸው፣ ሁልጊዜ ከቀዘቀዘው ወገን እየጀመርክ። በእጅህ መንካት የማትችለው ቦታ አጠገብ ሌላ ነጥብ አትጨምር። በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቅዛለሁ አትበል፣ ላሜራው ይኮማተራል፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። የጀርባው ገጽ ላይ መዳብ የሚይዝልህ ሰው ካለ የመብሳቱ ነገር በጣም ይቀንሳል፣ ብየዳው ከመዳብ ጋር አይጣበቅምና። ሲያልቅ በፍላፕ ዲስክ (ብርጭቆ ወረቀት በተደረደረበት የግራይንደር ዲስክ) ብየዳውን ብቻ አስተካክል፣ ዙሪያውን እየፈተግህ አታሳሳው።

ከመበየድህ በፊት ሳልባትዮው መውጣት አለበት፣ ባዶ ነው ብለህ አትተወው፣ ባዶ ሳልባትዮ ውስጥ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው። የባትሪው ገመድ ይፈታ። ከጀርባ ሬንጅና ስፖንጅ ካለ እሳት ይይዛል፣ አንድ ሰው ውሃና አሸዋ ይዞ ይቁምልህ፣ ሥራውን ከጨረሳችሁ በኋላም ጢስ እንደሌለ ቆይታችሁ አረጋግጡ። ዚንክ የተነከረ ላሜራ የምትበይድ ከሆነ ብየዳው የሚነካውን ጠርዝ ፈትገህ አውልቅለት፣ በር ክፈት፣ ነጩን ጢስ አትማገው፣ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። "ወተት ጠጣበት" የሚሉህን አትስማ፣ ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው ጢሱ የገባው ሳንባ ነው።

ዝገት መቀየሪያው አይበቃም ወይ ላልከው፣ ሥራው ሌላ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያለበት ፈሳሽ ነው፣ ገጹ ላይ የቀረውን ቀጭን ዝገት ጥቁር የረጋ ነገር አድርጎ ያስቀረዋል። ያለቀ ብረት ግን አይመልስም፣ ከላይ የተላጠ ዝገት ካለም ሥሩ አይደርስም፣ በሁለት ላሜራ መሐልም አይገባም። ስለዚህ ሙሉ ውፍረቱ ያለው ነገር ግን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት ብረት ላይ፣ ግራይንደር የማይደርስበት ጥግ ላይ ተጠቀምበት። ዲስክ የሚደርስበትን ቦታ ግን ብልጭ እስኪል ፈትገህ በቀጥታ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ የብረት ፕራይመር) ቀባው፣ የአሲድ ቅሪት ካለበት ኢፖክሲው በደንብ አይጣበቅም። ማጠፊያዎችን፣ ቡሎኖችን፣ ትንንሽ ማሰሪያዎችን አቼቶ ውስጥ ከትተህ ማሳደር ይቻላል፣ ከዚያ በሶዳ ውሃ አጥበህ ወዲያው አድርቀህ ዘይት ቀባ። ስፕሪንግና የጠነከረ ቡሎን ግን አሲድ ውስጥ አትክተት፣ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል።

ቀለም ጋ ስትደርስ አትቸኩል ነገር ግን ባዶ ብረትን አታሳድር። የፈተግከውን በዚያው ቀን ሸፍነው፣ በባዶ እጅህም አትንካው ላብ ጨው ነው፣ በቲነር በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ሱቅ የሚሸጠው ቀዩ አንቲረስት ብቻውን ውሃ ያሳልፋል፣ እሱን ቀብተህ ክረምቱን ላሳልፍ ብትል መስከረም ላይ ከሥሩ ዝገት ይጠብቅሃል። ባለ ሁለት ቅልቅሉን ኢፖክሲ ፕራይመር ግዛ፣ ከብየዳው ጀርባም ፊትም ያው ይቀባ። ስቱኮ ሁልጊዜ ከኢፖክሲው በላይ ነው የሚመጣው፣ ስቱኮ እርጥበት ይጠጣልና ባዶ ብረት ላይ አይቀመጥም፣ ውፍረቱም ከ2 እና ከ3 ሚሊ አይብለጥ፣ ከዚያ በላይ ካስፈለገህ ላሜራው በመዶሻ አልተስተካከለም ማለት ነው። መገጣጠሚያዎቹን ለመኪና አካል በተሠራ ማሸጊያ ዝጋ፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊኮን እንዳታደርግ እሱ ራሱ ብረት ያዝጋል። የጎንደርን አየር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋቱ ብርድ ነው ብረቱም ላይ ጤዛ አለ፣ ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች አይደርቅም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ብረቱ ለብ ካለ በኋላ ጀምረህ እስከ 8 ሰዓት ጨርስ። ፕሮግራምህን እንዲህ አድርገው፣ መቁረጥና ብየዳው ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ግንቦት ሳይገባ ኢፖክሲው በሙሉ አልቆ፣ የላይኛው ቀለም ለሌላ በጋ ቢቀርም ምንም አይደለም።

ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ የደፉ ውስጥ ሰም ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ የተሠራ ስፕሬይ ካገኘህ ከነረጅም ቱቦው ግዛ። ካላገኘህ እኛ ጋ ንጹሕ የንብ ሰም ሞልቷል፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠው እንጂ ቀጥታ እሳት ላይ አይደለም፣ ከእሳቱ አርቀህ በንጹሕ ቀጭን ዘይት አቅጥነው፣ ለብ እንዳለ በቀዳዳዎቹ በኩል ርጨው፣ ከታች ማፍሰሻው ጠብ ሲል ደርሷል። ከዚያ ማፍሰሻውን በሽቦ መልሰህ ክፈት። ይህ የመጨረሻ ሥራ መሆኑን ልብ በል፣ ሰም ከገባ በኋላ አጠገቡ ብየዳ የለም ይነዳል፣ ቀለምም አይዝበትም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሥር እረጫለሁ ለሚለው ልማዳችን ድጋፍ የለኝም፣ ዘይቱ አሲድ አለው፣ ለቆዳ መርዝ ነው፣ የሾክና የመሪ ጎማዎችን ያሳብጣል፣ አቧራውንም ይዞ ያከማቻል።

አሁን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሁለት ነገር ሠርተህ ጻፍልኝ። የጆጉን ውሃ ሞክርና በየት በየት እንደገባ ንገረኝ፣ የፊት ጎማዎቹን አውልቀህ የሁለቱንም ሾክ ቤት ፈትገህ ፎቶ አንሳ። በሹፌሩ በኩል ያለው ደፍ ላይ ደግሞ ካባበጠው መሐል የመዳፍ ያህል መስኮት በግራይንደር ክፈት፣ የውጨኛውን ላሜራ ብቻ፣ ሳልባትዮው ከወጣ በኋላ፣ በባትሪ መብራት መሐለኛውን እየው። መሐለኛው ቆሞ ካገኘኸው ሥራህ በአንድ በጋ ያልቃል፣ ከሌለ ግን ወለሉንና ደፉን አብረን ነው የምናቅደው፣ የቱቦላሬው አወጣጠርም ይለያል፣ ሳትነካው ጠብቀኝ።